«ነጃሳ ነው» ማለት መልስ አይሆንም፦ የበላውን ስለሚያስመልሰው የግቢ ውሻ



የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዱን ያስቀው ይሆናል። «ስንት የኡማው ጉዳይ እያለ ስለ ውሻ ትጽፋላችሁ?» የሚል አስተያየት ከወዲሁ ይታየናል። ይጻፍ፤ ከታች መልስ አለን። ጉዳዩ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የአንድ ፍጡር ነፍስ አለበት፣ የልጆቻችን ጤና አለበት፣ ከዚያም በላይ በዲናችን ስም የሚነገር ስህተት አለበት።

ሁኔታው በየከተማው ተመሳሳይ ነው። ስድስትና ሰባት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ፣ በር ላይ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ። ሌሊት ሲጮህ ሌባ ይሸሻል፣ ሁሉም ተኝቶ ያድራል። አንድ ቀን ውሻው መጮህ ያቆማል። የሰጡትን ይበላና ያስመልሳል። ውሃ ይጠጣና እሱንም ያስመልሳል። በሁለተኛው ቀን ቆሞ መሄድ ያቅተዋል። ያኔ ግቢው ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው ይነሳል። አንዱ «ነጃሳ ነው፣ እንዳትነኩት» ብሎ ልጆቹን ሰብስቦ ይገባል። ሁለተኛው «ሳይሸት አውጥታችሁ ጣሉት» ይላል። ሦስተኛው አዝኖ ከቤቱ ያገኘውን የራስ ምታት ኪኒን በሥጋ ጠቅልሎ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው በፊቅህ ስም ተሳስቷል፤ ሁለተኛው አማናውን በልቷል፤ ሦስተኛው በእዝነቱ ሊገድለው ነው። ለሦስቱም በየተራ እንመልሳለን።

የነጃሳ ሕግ ስለምን ይናገራል?

በመጀመሪያ የዑለማዎችን ንግግር በቦታው እናስቀምጥ። በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ ሙሉ አካሉ ነጃሳ ነው፤ እርጥበት ባለበት ሁኔታ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ ከአፈር ጋር። በሐነፊዮች ዘንድ ነጃሳው ምራቁ ነው። በማሊኪዮች ዘንድ ደግሞ ውሻ በሕይወት እያለ ጧሂር ነው፤ ዕቃ ሰባት ጊዜ ማጠቡን የዒባዳ ትእዛዝ አድርገው ይይዙታል። ይህ በዑለማዎች መካከል የታወቀ ልዩነት ነው፤ ማንም የሚከተለውን መዝሀብ እንዲተው አንጠይቅም።

የምንጠይቀው ሌላ ነው። ከሦስቱ መዝሀቦች «ውሻ ነጃሳ ስለሆነ ሲታመም ተዉት ይሙት» ያለው የትኛው ነው? አንዱም የለም! የነጃሳ ሕግ የሚናገረው ስለ ልብስህ፣ ስለ እጅህና ስለ ዕቃህ ነው። ከነካህ በኋላ እንዴት እንደምትታጠብ ያስተምርሃል። የገዛ ልጅህ ሽንትም ነጃሳ ነው፤ በዚህ ምክንያት ልጁን ከደጅ የጣለ አባት አይተን አናውቅም። ቁስል የሚያጥብ ነርስ፣ ሽማግሌ አባቱን የሚያስታምም ልጅ በየቀኑ ነጃሳ ይነካሉ፤ ታጥበው ይሰግዳሉ፣ አጅራቸውንም ከአላህ ይጠብቃሉ። ታዲያ ውሻው ጋ ሲደርስ ሕጉ ለምን የጭካኔ ፈቃድ ይሆናል?

ይበልጥ የሚገርመው የፊቅህ መጻሕፍት የተየሙም ምዕራፍ ውስጥ የሚገኘው መስአላ ነው። በውሻ ነጃሳነት ላይ ጠንካራ አቋም ያላቸው የሻፊዒይ ዑለማዎች እንዲህ ያለ ጉዳይ ያነሳሉ፦ አንድ ሰው ለዉዱእ ብቻ የሚበቃ ውሃ አለው፤ አጠገቡ ነፍሱ የተከበረች እንስሳ ተጠምታለች። ምን ያድርግ? ውሃውን ለእንስሳዋ ይሰጣል፣ እሱ በአፈር ተየሙም አድርጎ ይሰግዳል። ለአደንና ለጥበቃ የተፈቀደ ውሻም ከዚህ ክብር ውስጥ ይገባል፤ የሚወጣው ሰውን የሚያጠቃው ተናካሽ ውሻ ነው። ልብ በሉ! ለዉዱእ የተቀመጠው ውሃ እንኳ ለተጠማው ውሻ ይሰጣል። እኛ ዘንድ ግን የሚፈስ ቧንቧ አጠገብ ውሻ በጥማት ሲሞት «ነጃሳ ነው» ይባላል።

በረሃ ላይ ጭቃ ሲልስ ያየውን ውሻ ሊያጠጣ ጉድጓድ ወርዶ በኹፉ ውሃ የቀዳውን ሰው ሐዲስ የማያውቅ ወጣት የለም። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። አላህም በዚያ ሥራው ምሕረት አደረገለት። ሶሓባዎች በእንስሳትም አጅር እናገኛለን ወይ ብለው ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ባለው ፍጡር ሁሉ አጅር እንዳለ ነገሯቸው። ይህን ሐዲስ በየዳዕዋው ስናዳምጥ እናለቅሳለን። ሐዲሱ ግን የወረደው እንዲያስለቅሰን ብቻ አይደለም፤ ውሻው ዛሬ በራችን ላይ ተኝቷል።

«መላእክት ውሻ ያለበት ቤት አይገቡም» የሚል ወንድም አለ። ሐዲሱ ሰሒሕ ነው፣ በራሳችን ላይ ነው። የሚናገረው ግን ውሻን ቤት ውስጥ ስለማኖር ነው፤ ከዑለማዎችም ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ የተፈቀደውን ውሻ ከዚህ ያወጡ አሉ። ማንም ውሻውን ሳሎን አስገባው አላለህም። የታመመ ውሻ ግቢ ጥግ፣ ጥላ ሥር፣ ጆንያ ላይ ይታከማል። ሌላው ደግሞ በመዲና በአንድ ወቅት ውሾች እንዲገደሉ የታዘዘበትን ዘገባ ያመጣል። ያ ትእዛዝ በኋላ መነሳቱ በዚያው በሐዲስ መጻሕፍት ውስጥ ተዘግቧል። ግማሹን ይዞ ግማሹን መተው ዒልም አይባልም።

ሌሊት የጠበቀህን ቀን ትጥለዋለህ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው እንምጣ፤ «አውጥታችሁ ጣሉት» ወዳለው።

ውሻ ለማኖር ሸሪዓው በር የከፈተው ለጥቅም ነው፦ ለአደን፣ ለከብት፣ ለእርሻ። ዑለማዎች ቤትን መጠበቅንም በቂያስ ከዚህ አስገብተዋል። አንተ ይህን ፈቃድ ተጠቅመህ ውሻ አስረሃል። ሦስት ዓመት በር ላይ አቁመኸዋል። በሰንሰለት ስላሰርከው ሄዶ ምግብ መፈለግ፣ ሄዶ ውሃ መጠጣት አይችልም። ድመት አስራ ሳታበላ፣ ለቅቃም ራሷ እንዳትፈልግ ከልክላ ስለገደለቻት ሴት የተነገረውን ታውቃለህ። እዚያ የተወቀሰው ማሰሩና መከልከሉ ነው። በሰንሰለት የታሰረና የበላው አልረጋ ያለው ውሻ ከዚያች ድመት በምን ይለያል?

ታላቁ የሻፊዒይ ዓሊም ዒዝ ኢብኑ ዐብዲሰላም፣ በ660 ዓመተ ሂጅራ ካይሮ ላይ የሞቱት፣ ስለ ሸሪዓ መርሆዎች በጻፉት መጽሐፍ እንስሳ በሰው ላይ ያለውን ሐቅ ዘርዝረዋል። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ልናስታውስ እንወዳለን፦ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታምሞ ምንም የማይጠቅም ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ቀለቡን የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህ የተጻፈው ከሰባት መቶ ዓመታት በላይ ቀድሞ ነው። «የእንስሳት መብት የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የምትል ወንድማችን ሆይ፣ የራስህን መዝሀብ መጻሕፍት ገለጥ ገለጥ አድርግ።

መጣሉ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። አንዱ ገና ነፍሱ ሳትወጣ ቦይ ውስጥ ይጥለዋል፤ ሌላው በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ከከተማ ውጭ ይወስደዋል፤ ሌላው በሥጋ የተለወሰ መርዝ ይሰጠዋል። መርዙ በውሻው አያበቃም፤ ሬሳውን የበላው አሞራም ይሞታል፣ የቀረውን ሥጋ የጎረቤት ውሻና ድመት ያገኘዋል፣ መሬት ላይ የሚጫወት ልጅም አለ። አንድን ችግር ከግቢህ አውጥተህ ለሰፈሩ አከፋፈልከው እንጂ አልፈታኸውም።

«ሰው እየተራበ» ለሚለው

ይህን ጥያቄ በንቀት አንመልሰውም። በየከተማችን ምሳ የሌለው ተማሪ፣ መድኃኒት መግዛት ያቃታት እናት መኖራቸውን እናውቃለን። ሰው ይቀድማል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ግን እስኪ ሒሳቡን እንሥራ። ለታመመ ውሻ በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ምንድነው? ንጹሕ ውሃ፣ ጥላ፣ ከሰንሰለት መፈታት፣ አንድ ሰው በየግማሽ ሰዓቱ ብቅ ብሎ እንዲያየው። በሁለተኛው ቀን አንድ ኩባያ ሩዝ። ይህ ከየትኛው ድሃ አፍ ተነጠቀ? «ሰው እየተራበ» ብሎ ውሻውን ያለፈው ሰው የተራበውን ሰው ዛሬ አብልቶት ቢሆን ባልከፋን ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱንም አያበላም፤ አንዱን ለሌላው ምክንያት አድርጎ ሁለቱንም ያልፋል። ለደካማ የሚራራ ልብ አንድ ነው፤ በውሻ ላይ የለመደው ጭካኔ ነገ በሰው ላይም ይወጣል።

እዝነት ያለ ዕውቀት

ሦስተኛው ሰው ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ሥራው አደገኛ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በጥንቃቄ አንብቡ፤ ለጓደኛም አስተላልፉ።

የሰው መድኃኒት አትስጡ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ያበላሻሉ። ፓራሲታሞልም መጠኑ ካለፈ ጉበቱን ይጎዳል፤ ለድመት ደግሞ ትንሹም ገዳይ ነው። «መርዝ በልቶ ይሆናል፣ ላስመልሰው» ብላችሁ ጨው በጥብጣችሁ አታጠጡት፤ ጨው ራሱ ይመርዘዋል። ወተትም መፍትሔ አይደለም፤ ብዙ ትልልቅ ውሾች ወተት አይፈጭላቸውም፣ ተቅማጥ ይጨምርባቸዋል። የቤታችን ወጥም እንዲሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ወጣችን ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። በርበሬውና ቅባቱ ሲጨመርበት የታመመ ሆድ እንዴት ይቀበለዋል?

ቀጥሎ፣ ምን ዓይነት ማስመለስ እንደሆነ አስተውሉ። ሆዱ እየተኮማተረ፣ ምራቁ እየተዝረበረበ፣ ቢጫ ሐሞት ወይም የተፈጨ ምግብ ካወጣ ችግሩ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ወይም ከሌላ የውስጥ አካል ነው። እንደበላ ወዲያው ያለምንም ትግል ያልተፈጨውን ምግብ መልሶ ከጣለው ግን ችግሩ ጉሮሮው ላይ ሊሆን ይችላል፦ የተሰካ አጥንት፣ የሰፋና ምግብ መግፋት ያቃተው የምግብ ቧንቧ፣ ወይም በሞቃት አገሮች ያለ፣ እበት የምታንከባልለውን ጥንዚዛ ሲበላ የሚይዘውና የምግብ ቧንቧው ላይ እብጠት የሚያወጣ ትል። ይህን ልዩነት አይታችሁ ለሐኪሙ ከነገራችሁት ግማሹን ሥራ አቀለላችሁለት። በስልካችሁ መቅረጽ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ውሻው ትልቅ ከሆነ፣ አንድ ሁለቴ ብቻ አስመልሶ ዓይኑ ንቁ ከሆነ፣ ለ12 ሰዓት ያህል ምግብ ከልክሉት፤ ውሃ ግን አትከልክሉት። አንድ ሳህን ሙሉ ውሃ ካቀረባችሁለት በአንዴ ጨርሶ መልሶ ያስመልሰዋል፤ ስለዚህ ሁለትና ሦስት ማንኪያ ብቻ በየግማሽ ሰዓቱ አድርጉለት። አፉን ከፍታችሁ በግድ አታፍስሱበት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ውሃው ከረጋለት ሩዝ በውሃ ብቻ ቀቅሉ፤ ቆዳው የወጣ የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ወይም ጮማ የሌለው ሥጋ ካለ ትንሽ ቀላቅሉበት። ጨው፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ የለም። በአንድና በሁለት ማንኪያ ጀምሩ፤ ሁለት ሰዓት ከቆየለት ድገሙ። በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ፣ ለሁለትና ለሦስት ቀን። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ምግቡ ይመለሳል።

ቤት ውስጥ መጠበቅ የማይቻልባቸው ምልክቶች ግን አሉ። ውሃም አልረጋ ካለው፤ ትውከቱ ወይም ተቅማጡ ደም ካለበት፤ ከ24 ሰዓት በላይ ካስመለሰ፤ ድዱ ከነጣ ወይም ከደረቀ፤ የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው። የመጨረሻው በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነው። ቡችላ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም አትጠብቁ፣ ምግብም አትከልክሉት፤ ቀጥታ ወደ ሐኪም።

ስለ ቡችላ የምናስጠነቅቀው በፓርቮ ምክንያት ነው። ይህ ቫይረስ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ታውቆ በጥቂት ዓመታት ዓለምን ያዳረሰ ነው። ያልተከተበ ቡችላ ማስመለስና ክፉ ሽታ ያለው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፣ ቶሎ ጉሉኮስ ተሰክቶለት ከታከመ ግን ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ወደ ሰው አይተላለፍም። መሬት ላይ ግን ለወራት ይቆያል፤ ለዚህ ነው አንዱ ቡችላ በሞተበት ግቢ ቀጣዩም የሚሞተው። ቦታውን መጀመሪያ ከቆሻሻ አጽድታችሁ አንድ እጅ በረኪና በሰላሳ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡት። ክትባቱ ከስድስትና ከስምንት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እስከ አስራ ስድስተኛው ሳምንት ይሰጣል።

ሐኪሙ የት ነው? ብዙ ከተማ ውስጥ የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አለ፤ ከብትና በግ የሚያክመው ባለሙያ ውሻም ያያል። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለአሥርት ዓመታት የእንስሳት ሐኪሞችን ሲያስመርቅ ኖሯል። ከመካከላቸው ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናቸው። የሰፈራችሁን ሐኪም ስልክ ዛሬውኑ ያዙ።

አፉ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ!

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው። ውሻ መዋጥ አቅቶት፣ አገጩ ወርዶ፣ ምራቁ እየተንጠባጠበ፣ ድምፁ ተለውጦ ካያችሁት «አጥንት ተሰክቶበት ነው» ብላችሁ አፉን አትክፈቱ። የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ሰው በሚያስበው መልክ፣ እየሮጠ እየነከሰ ብቻ አይመጣም። ጸጥ ብሎ፣ ጥግ ይዞ፣ መዋጥ አቅቶት የሚመጣም አለ። ለመርዳት አፉ ውስጥ እጁን ያስገባ ሰው በምራቁ ብቻ በቁስል በኩል ሊያዝ ይችላል።

በዓለም ጤና ድርጅት መሠረት በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ ማለት ይቻላል ሁሉም ይሞታል። ከመታየቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል፤ ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተጠቀመው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው።

የተነከሰ፣ የተቧጨረ፣ ወይም ቁስሉን ውሻ የላሰው ሰው ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጀምር። «መጀመሪያ ሩቅያ ላስደርግ»፣ «የሀገር መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አለ» እያሉ ቀን ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል። ዱዓ ከክትባቱ ጋር ይደረጋል፤ በክትባቱ ፋንታ ግን አይደለም። ተወኩል ግመሏን ካሰሩ በኋላ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል።

እብደት የተጠረጠረበትን ውሻ በድንጋይ አትክበቡት። ልጆችን አርቁ፣ በሩን ዝጉ፣ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ቢሮ ደውሉ። አደገኛ ውሻን ማስወገድ በሸሪዓው የተፈቀደ ነው፤ ማሠቃየት ግን አልተፈቀደም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መግደል ግድ ሲሆን እንኳ አገዳደሉን እንድናሳምር አዘዋል። በሌላ በኩል ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው በክትባት ከተሸፈነ የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል። ውሾቹን መርዞ መጨረስ ይህን ውጤት አያመጣም፤ በተገደሉት ቦታ ያልተከተቡ አዲስ ውሾች ይመጣሉ። ስለዚህ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 28 የሚታሰበው የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ለጀማዓችንም ቀን ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎች ከወረዳው ጋር ተነጋግረው የሰፈሩን ውሾች ማስከተብ ከቻሉ፣ ሱብሒ የሚሄዱ አባቶችንና ወደ መድረሳ የሚሄዱ ልጆችን ጠበቁ ማለት ነው።

የዒድ ማግስት

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ከዒድ አል-አድሓ በኋላ ባሉት ቀናት የሚያስመልሱ ውሾች ይበዛሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኡድሒያው ጮማ፣ የተቀቀለ አጥንት፣ ጥሬ ሆድ ዕቃ ሁሉ በር ላይ ይጣላል። ጮማ የበዛበት ውሻ ጣፊያው አጠገብ ያለው ቆሽቱ ይቆጣል፤ የተቀቀለ አጥንት ተሰባብሮ አንጀት ይወጋል ወይም ይዘጋል። ከዚህ የከፋው ጥሬ ጉበትና ሳንባ ነው። ውሃ የቋጠረ እባጭ ያለበትን የበግ ጉበት ውሻ ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና በእጅ፣ በአትክልትና በውሃ ወደ ሰው ይገባል። ሰው ጉበት ውስጥም ያንኑ እባጭ ይሠራል፤ ዓመታት ቆይቶ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ይህ ነው። ዒባዳችን ለሰፈሩ በሽታ መዝሪያ አይሁን! ተረፈ ዕርዱን ቅበሩት። ለውሻ መስጠት የፈለገ ጮማውን አውጥቶ፣ ሥጋውን በደንብ ቀቅሎ፣ አጥንቱን ለይቶ ይስጥ።

ለስልክ ያዘለችው እዝነት

ወጣቶቻችን ዘንድ አዲስ ነገርም መጥቷል። የታመመ ውሻ ሲያዩ ስልክ ያወጣሉ፣ አሳዛኝ ነሺዳ ይጭናሉ፣ «እዝነት የት አለ?» ብለው ይለጥፋሉ፣ ይሄዳሉ። ላይክ ይሰበሰባል፤ ውሻው እዚያው ነው። ውሻውን አንድ ጣሳ ውሃ ያላጠጣ ቪዲዮ ለባለቤቱ ሪያእ እንዳይሆን እንፈራለን። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው፣ ዘመናዊ ለመምሰል በጠሃራ ሕግ ላይ ያሾፋል፤ «የኋላ ቀር ነገር ነው» ይላል። ይህንንም አንቀበልም። መርዳትና መታጠብ አይጣሉም። እጅህን ጓንት ወይም ፌስታል አልብሰው፣ አሮጌ ልብስ ልበስ፣ ሥራህን ጨርስ። የረጠበው የነካህን እንደ መዝሀብህ እጠብ፤ ደረቅ በደረቅ ከተነካካ ነጃሳው አይተላለፍም። ከዚያ ዉዱእ አድርገህ ስገድ። ጠሃራህ ምንም አልጎደለባትም።

ወንድሞችና እህቶች! ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ሦስት ነገር እንድትሠሩ እንጠይቃለን። ግቢያችሁ ውስጥ ያለውን ውሻ ሰንሰለትና የውሃ ሳህን ዛሬ ሂዱና እዩ። የውሻው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ሲታመም ማን እንደሚከፍል ግቢው ውስጥ ተነጋገሩ፤ ስድስት ቤት የጠበቀ ውሻ ለስድስት ቤት የሚከፋፈል የሕክምና ወጪ አያቅተውም። የእብድ ውሻ ክትባቱን በየዓመቱ አስወጉት። ታክሞ ካልዳነና ሐኪሙ ተስፋ የለውም ካለ፣ ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ፤ እስከዚያው ግን ጥላና ውሃ አትንፈጉት።

በመጨረሻው ቀን ስለ ሰንሰለቱ፣ ስለ ውሃውና ስለ ሳህኑ ብንጠየቅ «ነጃሳ ነበር» የሚለው መልስ የሚያዋጣ አይመስለንም። አላህ በፍጡራኑ የሚያዝኑና እሱም የሚያዝንላቸው ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ለጓደኞቻችሁ፣ በተለይ ግቢያቸው ውሻ ላላቸው ሁሉ አስተላልፉ፤ አጅሩን ተካፈሉ።